ሦስት ለሁለት

እምሩ ነገሩን የሰማው የግቢው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቁጢጥ ብሎ ነው። ሰው ስለራሱ የሚወራውን የሚሰማው መቼም መልስ መስጠት በማይችልበት ቦታ ነው። ከዛገው ቆርቆሮ ማዶ፣ የልብስ ስፌቱ ቤት የጓሮ በር ላይ፣ የሚስቱ ወንድም ተክላይ «ዛሬማ ያልቅለታል» ሲል ሰማ። «ሦስት ወር ያልተጫወተ ተጫዋች ከባለቤቱ ዝርዝር ይሰረዝ፣ ነጻ ይሁን ነው የምለው። የማይጫወት ሰው ስም ታቅፎ ጭራ ይሆናል፤ ጭራ በመሆኑ ደግሞ ከሁላችን ቀድሞ ይመርጣል። እስከ መቼ ነው የሚያሾፍብን?» ሁለተኛው ድምፅ የጋሽ ዓምደሚካኤል ነበር፤ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸውና ስለ ዝናብ ሲያወሩ እንኳ ፍርድ የሚያነቡ ይመስላሉ። «በሥርዓቱ አቅርበው፤ እኔ ለድምፅ አቀርበዋለሁ» አሉ። ከዚያ፣ «ስሙንስ ማን ይሰርዘዋል?» ብለው ጠየቁ። «እሱ ራሱ ነዋ!» አለ ተክላይ። «የእጅ ጽሑፉ የሚያምረው ጓድ እምሩ አይደለም እንዴ?» እምሩ ሁለቱ ሰዎች ወደ ውስጥ እስኪገቡ፣ እግሩ እስኪደነዝዝ ድረስ፣ ሱሪውን እንደያዘ ተቀመጠ።

ለማያውቀው ሰው ነገሩ የልጆች ጨዋታ ነው። የደብተር ኳስ ይሉታል። አምስት ሰዎች፣ በከተማው ክለቦች ከሚጫወቱት እውነተኛ ተጫዋቾች አሥራ አንድ አሥራ አንድ መርጠው በደብተር ላይ ቡድን አቋቁመዋል። እሑድ ሜዳ ላይ የሆነው ሁሉ ወደ ደብተሩ ይገባል፤ ጎል ያገባ ተጫዋች ለባለቤቱ ሦስት ነጥብ ያመጣል፣ ጎል ያልገባበት በረኛ ሁለት፣ ቢጫ ካርድ አንድ ይቀንሳል። አንድ ተጫዋች የአንድ ሰው ብቻ ነው። በማንም ዝርዝር ውስጥ የሌለው ነጻ ይባላል፤ በየወሩ መጨረሻ በነጥብ ጭራ የሆነው ሰው ከነጻዎቹ ቀድሞ ይመርጣል። እንግዲህ ይኸው ነው። ማን እንደጀመረው ብትጠይቁ አምስቱም እኔ ነኝ ይላሉ። ግን በዚያ ዘመን፣ በዶሮ ማነቂያ፣ ሰው በየሳምንቱ ቀበሌ ተጠርቶ አስቀድሞ ለተወሰነ ነገር እጁን ያወጣ ነበር። የተክላይ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ግን እጅ ሲወጣ ነገር ይለወጣል። ለዚህ ነው እንደ እብድ የሚጣሉት። ባለፈው ዓመት አንድ ቢጫ ካርድ ይቆጠር አይቆጠር ተባብለው ሁለቱ ለሦስት ሳምንት ሰላምታ ተነፋፍገው ነበር።

በእምሩ ዝርዝር ላይ አሥራ አንደኛው ስም «አጽብሐ እምሩ» ይላል። ልጁ ነው፤ አንድ ልጁ። የጎህ ክር ፋብሪካ የግራ ክንፍ ነበር፣ ቀጭን፣ ኳስ ከያዘ የማያቀብል፣ አባቱን ራሱን ከተመልካች ደረጃው ላይ አስነስቶ እንዲሰድበው የሚያደርግ ልጅ። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ለብሔራዊ ውትድርና ሄደ፤ ስልጠናውን እንደጨረሰ ወደ ሰሜን ላኩት። የመጨረሻው ደብዳቤ የመጣው ጥር ላይ ነው። ከመጋቢት ወዲህ ስለ ሰሜን የሚያወራ ሰው በር ዘግቶ፣ ሬዲዮ ከፍ አድርጎ ሆኗል። እምሩ ግን በየሳምንቱ እሑድ ደብተሩን ዘርግቶ ከልጁ ስም አንጻር ዜሮ ይጽፋል። የልጁ ስም እዚያ እስካለና እሱ ዜሮውን እስከጻፈ ድረስ ልጁ አንድ ቦታ ላይ ዜሮ እያገባ አለ ማለት ነው። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ቢናገር እንደሚስቁበት ያውቃል። በዐሥር ሰው ስለሚጫወት ጭራ ነው፤ ጭራ ስለሆነም ባለፈው ወር ቀድሞ መርጦ ሽብሩ የተባለውን የዓመቱን አጥቂ ከነጻዎቹ መካከል ወሰደ። ተክላይን ያቃጠለው ይህ ነው፤ ወይም እንደዚያ ይላል።

እውነቱን ለመናገር ተክላይን ያቃጠለው ሌላ ነገር ነበር፤ በዚያ ግቢ ግን ማንም አያወራውም። የቀበሌው ሊቀመንበር ለውትድርና የደረሱትን ወጣቶች ዝርዝር በንጹሕ ወረቀት ላይ እንዲገለብጥ ለእምሩ ሰጠው፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፣ እጁ ያምራል። አርባ አንድ ስም። ሃያ ሦስተኛው የራሱ ልጅ ነበር። ፋብሪካው ጉልበቱን አሞታል ብለን ደብዳቤ እንጻፍለት ብሎ ነበር። ተክላይ ወደ ወላይታ የሚወስደው የመኪና ሰው አግኝቶለት ነበር። ሊቀመንበሩም ቢሆን አንድ መስመር ቢዘለል ቆጥሮ የሚያገኝ ሰው አልነበረም። እምሩ ግን ሃያ ሁለት የሰው ልጅ ጽፎ የራሱን መዝለል አሳፈረው፤ ጻፈው፣ አስተካክሎ፣ መስመሩን ሳያጎብጥ። ክፉ ሠራህ እንዳይሉት ክፉ አልሠራም፤ ደግ ሠራህ የሚለውም አልተገኘም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተክላይ «ጋሼ» ማለቱን ትቶ «ጓድ እምሩ» ይለዋል። ሚስቱ ምብራት ደግሞ ጨርሶ አትጠራውም። «ምሳ ቀርቧል» ትላለች፣ «ጋዝ አልቋል» ትላለች፣ ለግድግዳው እንደምትናገር ሁሉ።

ከመጸዳጃ ቤቱ እንደወጣ ፊቱን ታጥቦ ኮቱን ለበሰ። ሒሳቡ ቀላል ነበር። ተክላይና ጋሽ ዓምደሚካኤል ሁለት ድምፅ ናቸው። እሱ አንድ። የቀሩት ከዲጃና ሐድጉ ናቸው፤ ሁለቱንም ካገኘ ሦስት ለሁለት ያሸንፋል፣ አንዳቸውን ካጣ የልጁን ስም በገዛ እጁ ይሰርዛል። ስብሰባው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ዳገቱን ትቶ በቆሻሻው ቦይ ዳር ወደ አትክልት ተራ ወረደ።

አትክልት ተራ እሑድም አይተኛም። ከሌሊት የገባው ጎመን ተራግፎ ቅጠሉ መሬት ላይ ረግቷል፣ ተሸካሚዎቹ «ዘወር! ዘወር!» እያሉ በትከሻቸው ሰው ይገፋሉ፣ የበሰበሰ ቲማቲም ሽታ ጉሮሮ ውስጥ ይገባል። ከዲጃ የሽንኩርት ጆንያዎቿ ላይ እንደ ዳኛ ተቀምጣ ነበር። በዚያ ስብሰባ ውስጥ ያለች አንዲት ሴት እሷ ናት፤ ወንድሟ በረኛ ነበርና ኳስ ከአራቱ ወንዶች ድምር የበለጠ ታውቃለች፣ ይህንንም ሳትናገር አትውልም። እምሩን ስታይ ሚዛኗን አላስቀመጠችም።

«ሽንኩርቱ ስንት ነው?» አላት፤ ነገሩን ከዳር ለመጀመር።

«ለአንተ ብር ከሃያ።»

«ለሰውስ?»

«ለሰው ብር። ምን ፈልገህ ነው ጋሽ እምሩ? በእሑድ ምድር ሽንኩርት ልትገዛ እንዳልመጣህ አውቃለሁ።»

ነገራት። የተጎዳ ተጫዋች አይሰረዝም፤ ውትድርናም እንደ ጉዳት ይቆጠርልኝ፣ ልጄ ቀርቶ አይደለም፣ ተጠርቶ ነው አላት። ከዲጃ አንድ ራስ ሽንኩርት አንስታ ልጣጩን በአውራ ጣቷ እያራገፈች አዳመጠችው። ሲጨርስ፣ «የእህቴ ልጅ በዝርዝርህ ላይ ስንተኛ ነበር?» ብላ ጠየቀችው። የትኛውን ዝርዝር እንደምትል ሁለቱም ያውቃሉ። «ዘጠነኛ» አለ እምሩ ወዲያው። አርባ አንዱንም በቃሉ ያውቃቸዋል፤ ማታ ማታ እንቅልፍ ሲያጣ ይቆጥራቸዋል። ከዲጃ ይህን አልጠበቀችም። ፊቷ ትንሽ ተለዋወጠ፣ ከዚያ ተመልሶ ደረቀ። «እሺ» አለች። «ድምፄን ትፈልጋለህ? ሽብሩን ስጠኝ። በነጻ የሚሰጥ ድምፅ ቀበሌ ሂድና ፈልግ።» የመጨረሻውን ያለችው ግራ ቀኝ አይታ፣ ዝቅ አድርጋ ነው። እምሩ ስለ ሽብሩ ሊከራከር አፉን ከፈተ። በአራት ዓመት ውስጥ ያገኘው አንድ ደህና አጥቂ ነው። መልሶ ዘጋው። «ውሰጂው» አላት። እሷም ደስ ያላት አትመስልም ነበር፤ «ሂድ፣ ገበያዬን አትዝጋብኝ» ብላ ሸኘችው።

ሐድጉ ፒያሳ፣ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ መስታወቱ በተሰነጠቀ አንድ ቡና ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ነው። እምሩ ገብቶ ባንኮኒው ጥግ ቆመ። መቀመጫ ሞልቶ ሳይሆን፣ ተቀምጦ ማኪያቶ መጠጣት ሃምሳ ሳንቲም ሲሆን ቆሞ ርካሽ ስለሆነ ነው። ሐድጉ አይቶታል፤ እንዳላየ ሆኖ ከእሱ በኋላ የገቡ ሦስት ሰዎችን አስተናገደ። ነጭ ኮቱ ክንዱ ላይ ተጥፏል፣ ጸጉሩ በቅባት ተለጥፏል። ወጣት ነው፣ ሰላሳ አልሞላውም፤ በአጽብሐ ይቀና እንደነበር እምሩ ያውቃል፣ አንድ ጊዜ ፋብሪካው ሁለቱንም ሞክሮ አንዱን ብቻ ነው የወሰደው። በመጨረሻ መጥቶ ሲኒውን ገፋ አድርጎ አስቀመጠለት፤ ግማሹ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ።

«ሰምቻለሁ» አለ ሐድጉ ገና ሳይጠየቅ። «እኔ ጌጡን፣ በረኛዎን፣ እፈልጋለሁ። በረኛዬ ወንፊት ሆኗል።»

«ሽብሩን እኮ አሁን ለከዲጃ ሰጠኋት።»

«እንግዲህ እርስዎ ነዎት ገበያ የወጡት። እኔ አልጠራሁዎትም።» ባንኮኒውን በጨርቅ መወልወል ጀመረ። «ቆይ ግን፣ ልጁ ሲመለስ ከማን ጋር ሊጫወት ነው? አጥቂ የለ፣ በረኛ የለ።»

እምሩ ያነሳውን ሲኒ መልሶ አስቀመጠ። «ልጁ ሲመለስ» ያለ የመጀመሪያው ሰው ሐድጉ ነበር፤ ለማሾፍም ቢሆን ብሎታል። ለዚህች ቃል ብቻ በረኛውን ቢሰጥ አይቆጨውም። «ጌጡ ያንተ ነው» አለ፣ ፍራንኩን ቆጥሮ አስቀመጠ፣ ወጣ። ሐድጉ ከኋላው ለሌላው አስተናጋጅ የሆነ ነገር ብሎ ሁለቱም ሲስቁ ሰማ። ይሳቁ። ሦስት ለሁለት ሆኗል።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ወደ ቤቱ እየወረደ ሳለ ተክላይንና ጋሽ ዓምደሚካኤልን አያቸው። የስፌት ቤቱ ተዘግቷል። ሁለቱም ከአንድ ምርኩዝ ከያዘ ወጣት ጋር አስፋልቱ ዳር ቆመው ነበር፤ ወዲያው ውይይት ታክሲ አስቁመው ሦስቱም ተሳፈሩ። ተክላይ በእግሩ መርካቶ ሄዶ ክር የሚገዛ ሰው ነው፤ ለታክሲ ሳንቲም ሲያወጣ ታይቶ አይታወቅም። እምሩ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠግቶ አያቸው፣ ደሙ ፈላ። ሊያሴሩበት መሆናቸውን አልተጠራጠረም። ስድስተኛ አባል ሊያስገቡ ነው፤ ያ ወጣት አዲስ አባል ነው፣ ሦስት ለሦስት ይሆናል፣ ጋሽ ዓምደሚካኤልም ሰብሳቢ ናቸውና የሰብሳቢ ድምፅ ይበልጣል ይላሉ። የፍርድ ቤት ሰው ተንኮል አያጣም። ቤቱ እስኪደርስ ድረስ ለዚህም መልስ አዘጋጀ።

ምሳ ሽሮ ነበር። ምብራት ትሪውን አስቀምጣ፣ ራሷ በሩ አጠገብ ካለው ዱካ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሁለት ክፍል ነው ቤታቸው፤ ከጓሮው ክፍል የአጽብሐ አልጋ እንደተነጠፈ ይታያል፣ አንሶላው በየሁለት ሳምንቱ ይታጠባል፣ የሚተኛበት የለም። እምሩ እየበላ በስብሰባው ላይ የሚናገረውን በልቡ ይደረድራል። ደንብ ወደኋላ አይሠራም፤ ይህ አንድ። የተጎዳ ተጫዋች አይሰረዝም፤ ይህ ሁለት። ሦስተኛው ግን ሲያስበው እሱንም ያስፈራው ነገር ነበር። ካልሆነ፣ «ለእናት አገሩ የዘመተን ወታደር ስም ሰረዛችሁ ብዬ ቀበሌ አቀርባችኋለሁ» ሊላቸው ነው። ማድረግ አያደርገውም። ማለት ግን ይችላል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቃል አንድ ጊዜ ከአፍ ከወጣ መሬት ላይ የፈሰሰ ውሃ ያህል እንኳ አይሰበሰብም፤ ዝምድናም ጉርብትናም እዚያው ያበቃል። እንጀራውን አጠፈና ዋጠ። ምብራት ምስሯን ወደ ብርሃኑ ዘወር አድርጋ፣ «ስብሰባው ዘጠኝ ሰዓት ነው ተብሏል» አለች ለግድግዳው። ስለዚህ ታውቃለች። ቆርቆሮው ለእሱ ብቻ አይደለም የሚያሰማው። ይቅናህም አላለችው፣ ተዋቸውም አላለችው፤ እምሩ ግን ጀርባዋን ሲያይ ያንን ስም ማስቀረት ለእሷ ያለበት አንድ ዕዳ እንደሆነ ተሰማው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደብተሩን በብብቱ ይዞ በጓሮ በር ገባ። ልብስ ስፌት ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ የተቆራረጠ ካኪ ጨርቅ፣ ግማሽ የተሰፋ የኮት እጅጌ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። አራቱም ቀድመውት ተሰብስበዋል፣ ምርኩዝ የያዘው ወጣት የለም። መደገፊያ ያለው ወንበር አንድ ብቻ ነው፤ የተክላይ ነው፣ ንጉሥ ቢመጣ አይለቅለትም። ተክላይ ብድግ አለ። «እዚህ ተቀመጥ፣ ጋሼ» አለ። እምሩ ዙሪያውን አየ። ወንበሩ ላይ መርፌ ያስቀመጠ መስሎት በእጁ ዳብሶ ተቀመጠ።

ጋሽ ዓምደሚካኤል ስብሰባ ሲከፍቱ የጨርቁን ሜትር እንጨት ጠረጴዛ ላይ ሦስት ጊዜ ይመታሉ። ዛሬ እንጨቱን ይዘው ቆዩና ሳይመቱ አስቀመጡት። «አጀንዳው ተነስቷል» አሉ። «ተክላይ ሐሳቡን ስቧል። እንደነበረው ይቆይ።»

«እንዴት ይነሳል?» አለ እምሩ። አንድ ቀን ሙሉ የተዘጋጀበት ጠብ ነው። ደብተሩን ዘርግቶ ተነሳና ያንኑ ንግግሩን ጀመረ፤ ደንብ ወደኋላ አይሠራም አለ፣ የተጎዳ አይሰረዝም አለ። ማንም አላቋረጠውም። ሌላ ጊዜ ገና «ጓዶች» ሲል ከዲጃ «አሳጥረው!» ትለዋለች። አሁን ጉልበቷ ላይ ያለውን የነጠላዋን ጥለት እየጎነጎነች አቀርቅራለች። «ሽብሩንም መልሼልሃለሁ» አለች ሳታየው። «ሽንኩርት ነጋዴ አጥቂ ምን ይሠራላታል።» ሐድጉም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ጌጡም… ጌጡም የእርስዎ ይሁን። እኔ ቀልዴን ነው» አለ። ጥዋት በባንኮኒው ላይ የገፋለትን ሲኒ ያስታወሰ ይመስል እጁን ከኋላው ደበቀ።

እምሩ ተናደደ። እንዲህ ተናዶ አያውቅም። ልብ ለልብ ተነጋግረው አንድ ወጥመድ አዘጋጅተውለታል፣ እሱ ብቻ አያየውም። «ምንድን ነው የምታሴሩት?» አለ። «በታክሲ የት ነበራችሁ? ያ ምርኩዝ የያዘው ማነው? እንግዲያው ስሙኝ። የዘመተን ወታደር ስም ሊሰርዙ ተሰብስበው ነበር ብዬ ነገ ጠዋት ቀበሌ እሄዳለሁ። የአራታችሁንም ስም በዚሁ እጄ እጽፋለሁ!»

ይህን ካለ በኋላ ተክላይ የስፌት መኪናውን አንስቶ ቢወረውርበት አይፈርድበትም ነበር። ጠበቀው። ተክላይ ግን ከንፈሩን ነክሶ መሬት ያያል። ጋሽ ዓምደሚካኤል መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ። ከዲጃ «አይዞህ» የምትል ቃል ከአፏ ልታመልጣት ስትል በነጠላዋ ያዘቻት።

«ድምፅ ይሰጥ» አለ እምሩ። «በቃለ ጉባኤ ይግባ። የአጽብሐ እምሩ ስም በዝርዝሩ ይቆይ የሚል እጁን ያውጣ።» የራሱን አወጣ። ከዲጃ አወጣች። ሐድጉ አወጣ። ጋሽ ዓምደሚካኤል አወጡ። ተክላይም አወጣ፤ ጣቱ ላይ የስፌት ቆቡን አላወለቀም ነበር። እምሩ ቆጠረ፣ እስክሪብቶውን ከፍቶ «አምስት» ብሎ ጻፈ፣ «ለ» ብሎ ጀመረና ቆመ። አራት ዓመት ሙሉ በዚህ ክፍል ውስጥ አምስት እጅ በአንድ ነገር ላይ ወጥቶ አያውቅም። ሻይ ይጠጣ ተብሎ እንኳ ሦስት ለሁለት ነው። ዓመት ሙሉ ልጁን የበላ ሰው አድርገው ሲያዩት የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ የሚጨክኑበት አሁንም የሚጠብቀው ነገር ስላለ ነበር። ቀስ ብሎ፣ እንደ ብርድ ከእግሩ ጀምሮ ወደ ላይ፣ ገባው።

«መቼ ነው ልትነግሩኝ ያሰባችሁት?» አለ።

«ምኑን?» አሉ ጋሽ ዓምደሚካኤል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሐሰት ምስክር ሲያዩ ኖረው እሳቸው አንዲት ሐሰት አልሆነላቸውም።

ተክላይ ተንበርክኮ የእምሩን ጉልበት ያዘ። «ነገ ሊነጋጋ ሲል» አለ። «ሽማግሌዎቹ ተነግሯቸዋል፣ ዘመድም እየተጠራ ነው። አብሮት የነበረ ልጅ ቆስሎ ሆስፒታል ተኝቷል፣ ያ ምርኩዝ የያዘው ጓደኛቸው መጥቶ ወስዶን ከቁስለኛው አፍ ሰማን። መጋቢት ላይ ነው። እሱ ራሱ ነው የቀበረው። አትጩህ፣ ጋሼ። በእናትህ አትጩህ፣ እሷ እዚያው ናት። ሓፍተይ ዛሬን ትተኛ። እህቴ ዛሬን ብቻ ትተኛልኝ።»

እምሩ አልጮኸም። የኮቱን ጥግ አፉ ውስጥ ከትቶ ነከሰው። አርባ አንዱ ስም አንድ በአንድ በዓይኑ ላይ አለፉ፤ ሃያ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። መጋቢት። እንግዲህ ሁለት ወር ሙሉ ለሌለ ልጅ ዜሮ ሲጽፍ ኖሯል። ሐድጉ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ሕፃን ያለቅሳል፤ ከዲጃ በነጠላዋ አፉን ታፍነዋለች፣ የራሷ እንባ እየወረደ። ተክላይ ጉልበቱን አልለቀቀም። ዓመት ሙሉ ያልተባባሉት ነገር ሁሉ በመካከላቸው ነበር፣ አሁንም አልተባባሉትም። ልብስ ሲተኮስ ለማርጠቢያ የምትቀመጥ የውሃ ጣሳ ነበረች፤ ከዲጃ ከእሷ ላይ ውሃ አፍስሳ ፊቱን አጠበችለት። ብዙ ቆዩ።

«ፊትህን ካየች ታውቃለች» አለ ተክላይ በመጨረሻ። «እዚህ እደር። ሥራ አለው እላታለሁ።»

«እኔ ፊታችሁን አይቼ አላወቅሁም» አለ እምሩ። «ደግ ስትሆኑብኝ ነው ያወቅሁት።» ተነሳ። ኮቱን አስተካከለ፣ ደብተሩን እዚያው ትቶ በጓሮ በር ወጣ። ከሱቁ እስከ ቤቱ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፣ የጎረቤት ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። አሥሩን እርምጃ እንደ ሰከረ ሰው ሄደ። በአሥራ አንደኛው ላይ ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ከዚያ በሩን በእርግጫ መትቶ ገባ።

ምብራት በከሰል ካውያ የሰኞ ሸሚዙን ትተኩስ ነበር። ቀና አለች። አየችው። እምሩ ፊቱን አጥርታ ሳታየው በፊት ኮቱን አውልቆ አልጋው ላይ ወረወረና፣ «ወንድምሽ ሰው አይደለም!» ብሎ ጮኸ። ጩኸቱ ሊወጣ ይፈልግ ስለነበር ከአፉ ሲወጣ ራሱንም አስደነገጠው። «እንደ ውሻ ነው የሰደበኝ! አንገቴን ሊያንቀኝ ነበር! በሰው ፊት፣ በሽንኩርት ሻጭ ፊት! ዓይኔን ተመልከቺ፣ በንዴት ምን እንደመሰለ!»

ካውያው ሸሚዙ ላይ ቆመ። ምብራት ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለግድግዳው ሳይሆን ለእሱ ተናገረች። «ስሙስ?» አለች። «እምሩ፣ ስሙስ?»

እሱንም በስሙ ነው የጠራችው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ጫማውን የሚፈታ መስሎ አቀረቀረ። «አለ» አላት። «ሦስት ለሁለት ነው ያሸነፍኩት። በጭንቅ። ከዲጃን በአጥቂ፣ ሐድጉን በበረኛ ገዝቼ።»

«ተክላይስ?»

«እሱማ እስከ መጨረሻው ይሰረዝ እንዳለ ነው። የገዛ እህቱን ልጅ።»

ምብራት እስኪወጣላት ተነፈሰች። ዓመት ሙሉ ተሸብሽቦ የነበረው ግንባሯ ተፈታ፤ ያን ሁሉ ዘመን ያላየው ፊቷ ከዚያ ሥር ወጣ። ወንድሟን ረገመችው፤ በአማርኛ ጀምራ በትግርኛ ጨረሰችው፣ አባታቸውንና ያሳደገችውን አክስታቸውን እየጠራች። ሸሚዙን ገልብጣ ሌላውን እጅጌ ጀመረች፤ እጇ ይፈጥን ነበር። እምሩ ከጫማው ላይ ሳይነሳ ያዳምጣታል።

«ነገ በጠዋት ሄጄ ነው ልክ የማገባው» አለች።

«አትሂጂ» አለ እምሩ። «እሱ ራሱ ይመጣል።»

«ይምጣ!» አለች ምብራት፣ ካውያውን በአመዱ ላይ እያስቀመጠች። «ይምጣ እንጂ! በሩን ከፍቼ ነው የምጠብቀው።»